ቁርሱን በልቶ የጠበቀን ጄኔሬተር

መምህር ስለሆንኩ ከትርጉም ነው የምጀምረው፤ ታገሱኝ። የቤት መኪና ማለት አልጋው፣ ምድጃውና ፍሪጁ ከባለቤቱ ጋር አብረው የሚጓዙበት መኪና ነው። ጄኔሬተር ማለት ደግሞ ነዳጅ ጠጥቶ መብራት የሚሰጥ ሞተር ነው። እነዚህ ሁለቱ በኬንያው ሞያሌ ተገናኝተው የእኔን የመምህርነት ኩራት እንዴት እንዳስተነፈሱት ላጫውታችሁ። ነገሩ የተፈጸመው ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከመምህራን ኮሌጅ ከወጣሁ ገና ዓመት ከመንፈቅ። ስሜ ቦሩ ነው፤ ነገር ግን ሳይንስ ስለማስተምር ከተማው በሙሉ «ምዋሊሙ» ይለኛል፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። አማርኛዬን ያገኘሁት ልጅ ሆኜ በየቀኑ ድንበሩን እየተሻገርኩ በወዲያኛው ሞያሌ ስማር ነው። ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና ባለ ካሬ ደብተር ከእጄ አይለዩም ነበር። ያየሁትን ሁሉ በሠንጠረዥ አሰፍራለሁ፤ ያሰፈርኩትን ሁሉ ለሰው አስረዳለሁ። አንድ ጊዜ ኡራን በሚባል ገጠር ለምትኖረው እናቴ የፍየሎቿን ዕድሜ፣ ቀለምና የወተት መጠን በሠንጠረዥ ሠርቼ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየችውና «እኔ እነሱን አውቃቸዋለሁ፣ እነሱም እኔን ያውቁኛል። ይሄ ወረቀት ለማን ነው?» አለችኝ።

ኮሌጅ የተማርኩት እነዚያ ፍየሎች እየተሸጡ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

የቤት መኪናዋ የዶክተር ሎኮ ነበረች። ዶክተር ሎኮ የከብት ሐኪም ናት፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ቀልድ የማትጨርስ ሴት። ከሰሜን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲወርዱ የነበሩ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ሞያሌ ደርሰው፣ ከፊታቸው ያለውን የድንጋይ መንገድ ከሹፌሮች አጣርተው፣ መኪናዋን ለእሷ ሸጠው በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰው ሁሉ «ቤት ጫኟ» ይላታል። ዶክተር ሎኮ በውስጧ ትተኛለች፣ ታበስላለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ፍሪጇ ውስጥ ክትባት ይዛ መብራት በሌለበት ገጠር ትዞራለች። ለፍሪጁ መብራት የሚሰጠው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያለ የናፍጣ ጄኔሬተር ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩ ሞተ። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ፒስቶኑ ለሁለት ተከፍሏል። የሚታከም ቢሆን ዶክተሯ እዚሁ ነበረች» አለ።

ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። እኔን አስጠራችኝ፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሥራ ፈትቼ ነበር።

«ምዋሊሙ፣ ስማኝ» አለች። «ኡራን ሶምቤሳ ገብቷል።»

ሶምቤሳ የፍየል የሳንባ በሽታ ነው፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በትንፋሽ ይተላለፋል።

«ክትባቱ ዛሬ ቀን በጭነት መኪና ከናይሮቢ መጣልኝ። አብሮት የመጣው በረዶ እስከ ነገ ማታ ቢይዝ ነው፤ የኡራን ሥራ ግን የአራት ቀን ነው። እረኞቹን ሐሙስ ንጋት ላይ ውሃ ጉድጓዱ ዘንድ ፍየሎቻችሁን ሰብስቡ ብያቸዋለሁ። አሁን ይህን ስንነጋገር እየነዱ ነው። ስልክ የለ፣ ቁሙ አልላቸው።»

«ሳምንት ብታራዝሚውስ?»

«አልገባህም። የታመመውና ጤነኛው እኔን ብለው አንድ ቦታ እየመጡ ነው። ያለ ክትባት ከተሰበሰቡ በሽታውን ያዛመትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

የእናቴ ፍየሎች ከተነሡት መካከል ናቸው።

«ከተማው ውስጥ ሁለት የናፍጣ ጄኔሬተር ይሸጣል ይላሉ» ቀጠለች። «አንዱ እዚህ ሐጂ አደን ሱቅ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ አቶ ተፈራ ጋራዥ። እኔ ስለ ፍየል እንጂ ስለ ሞተር አላውቅም። አወዳድረህ ምረጥልኝ።»

አወዳድር አለችኝ። ለእኔ ይህ ማለት ለተራበ ሰው ብላ እንደ ማለት ነው። ሮጬ ሻይ ቤት ገባሁ፣ ደብተሬን ዘረጋሁ፣ መስመር አሰመርኩ። ሰዎች ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ ደግሞ መቼ እምቢ ብዬ! ቆሜ አስረዳሁ።

«ለቤት መኪና የሚሆን ጄኔሬተር እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር አይመረጥም» አልኩ። «አንደኛ፣ ክብደቱ፤ መኪናዋ ትሸከመዋለች። ሁለተኛ፣ ጩኸቱ፤ ባለቤቷ አጠገቡ ትተኛለች። ሦስተኛ፣ የናፍጣ አጠጣጡ። አራተኛ፣ ጉልበቱ፤ ፍሪጅ ሲነሣ የሚፈልገው ጉልበት ከተነሣ በኋላ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። አምስተኛና ትልቁ፣ አነሣሡ ነው። በመጀመሪያው ጉተታ የሚነሣ ጄኔሬተር ጤነኛ ነው። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይህን በዓይኔ አያለሁ።»

ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሐጂ አደን ተቀምጠው ነበር። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ነጋዴ ናቸው። «ይሄ የአነሣሡ ነገር ስንት ነጥብ ይይዛል?» አሉኝ።

«ከመቶ አርባ» አልኳቸው።

«ማሻአላህ። መማር እንዴት ጥሩ ነው» አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ትምህርቴ ልባቸውን ነክቶት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ በሁለት ሰዓት ከዶክተር ሎኮ ጋር ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ አቡያ ጃርሶ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አቡያ በእኛ በቦረናዎቹ የእናት ወንድም ነው። አጎቴ የከብት ደላላ ናቸው፤ ሞያሌ ላይ ደግሞ ከዶሮ የሚበልጥ ነገር ያለ ደላላ አይገዛም። ዶክተሯ ጠርታቸው ኖሯል። ቅር አለኝ። አቡያ ጃርሶ ማንበብ አይችሉም፤ ስለ ሞተር የሚያውቁት ጭስ እንዳለው ብቻ ነው።

ሐጂ አደን በሳቅ ተቀበሉን። ጄኔሬተሩ ሱቁ ጓሮ፣ ጥላ ሥር፣ ንጹሕ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ቀይ ነው፤ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። እኔ የተለጠፈበትን የቁጥር ሰሌዳ ስገለብጥ አቡያ ጃርሶ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በጎኑ ላይ አሳረፉ፤ ጥቂት አቆዩትና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

አፈርኩ። «አቡያ፣ ግመል እኮ አይደለም» አልኳቸው በቀስታ።

«አውቃለሁ። ግመል ቢሆን ይነክሰኝ ነበር።»

ሐጂ ገመዱን አንዴ ጎተቱ። ቀዩ ወዲያው ተነሣ። በደብተሬ ላይ አርባ ከአርባ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ክብደቱ ሁለት ሰው የሚያነሣው ነው፤ መኪናዋ ሆድ ሥር በደንብ ይገባል። ጩኸቱ ብቻ ጆሮ ይበሳል፤ በዚያ ነጥብ ቀነስኩበት።

ድንበሩን በእግር ተሻግረን አቶ ተፈራ ጋራዥ ገባን። አቶ ተፈራ ከመሀል አገር መጥተው ሃያ ዓመት ሞያሌ የኖሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እንደምንመጣ አያውቁም ነበር። የእሳቸው ጄኔሬተር ግራጫ ነው፤ አቧራ ለብሷል፤ ላዩ ላይ ሁለት ዶሮ ሰፍሯል።

«የመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ያገለገለ ነው» አሉ ዶሮዎቹን እያባረሩ። «ከተነሣ ሰንብቷል። እስኪ እንየው።»

ማኒቬላውን፣ ጠማማውን የማስነሻ ብረት፣ ከተው አዞሩ። ዝም። እንደገና አዞሩ። ዝም። በሦስተኛው ሳል አለ። በአራተኛው ጥቁር ጭስ ተፍቶ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ማለት ጀመረ፤ ዝግ ያለ፣ አጠገቡ ቆሞ ወሬ የማያስጥል ድምፅ ነው። ሰሌዳው ላይ ክብደቱ መቶ ሰማንያ ኪሎ ይላል። በአነሣሡ ከአርባ አሥር ሰጠሁት። በክብደት ዜሮ።

ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ውጤቱን አነበብኩ። «ቀዩ ሰባ ስምንት፣ ግራጫው አርባ አንድ። ነገሩ አልቋል። ቀዩን እንግዛ።»

ዶክተር ሎኮ አጎቴን አየቻቸው። «አባ ጃርሶ፣ እርስዎስ?»

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ምዋሊሙ፣ ከሁለቱ ከእንቅልፉ ሲነሣ ያየኸው የትኛውን ነው?»

«ሁለቱንም።»

«አይደለም። ይሄኛውን ነው። ያኛው እኛ ስንደርስ ነቅቶ ነበር። ጎኑ ትኩስ ነበር።»

ለአፍታ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ ደብተሩ እጄ ላይ ከበደኝ።

አቡያ ጃርሶ እንደ መቆጣት አላሉም፤ ዓይናቸው እየሳቀ ነበር። «ገበያ ቀን ሌባ ሻጭ በሬውን ምን ያደርገዋል? ጨው ያልሰውና ውሃ ያጠጣዋል። ሆዱ ሞልቶ የሰባ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው እኔ በሬ ስገዛ መጀመሪያ የማስተኛው። ሲነሣ ነው የሚታየው። የትናንቱን የሻይ ቤት ወሬ ሰምቻለሁ። አንተ ልጅ፣ ለተማሪዎችህም ጥያቄውን ከፈተናው ቀን በፊት ነው የምትሰጣቸው?»

ዶክተር ሎኮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቶ ተፈራም ሳቃቸውን ለመደበቅ ዶሮዎቹን እንደገና ማባረር ጀመሩ።

እኔን ያሳፈረኝ ግን ሳቁ አይደለም፤ ነገሩን ማወቄ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ታምቆ የጋለ አየር ነው። የፒስቶኑ ቀለበት ካለቀ አየሩ ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አይነሣም፤ ከጋለ ግን ሕመሙን ይደብቃል። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይና በነጭ ጠመኔ ሥዬ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼንም ፈትኜበታለሁ።

«ግን እርግጠኛ መሆን አንችልም» አልኩ። «ምናልባት ሐጂ ራሳቸው ሊሞክሩት አስነሥተውት ይሆናል።»

«ደግ ብለሃል፤ ሰው በግምት አይኮነንም» አሉ አቡያ ጃርሶ። «ሐጂ ከቀትር ሶላት በኋላ ምሳ በልቶ ይተኛል። በዘጠኝ ሰዓት ሳንጠራ እንሄዳለን። እስከዚያ ለማንም ምንም አታስረዳ። ትችላለህ?»

እንዲህ ያለ ከባድ የቤት ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። የሻይ ቤቱ ደንበኞች «ታዲያ የትኛው አለፈ?» እያሉ ሲከቡኝ ስኳሬን ሳማስል ቆየሁ። አንዱ የመዳበሪያ ነጋዴ ሆነ ብሎ «ናፍጣና ቤንዚን ያው አንድ ናቸው አይደል?» አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ሐጂ አደን ዓይናቸውን እያሹ ከፈቱልን። አቡያ ጃርሶ አሁን ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ። መዳፌን በቀዩ ጎን ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው።

«ሐጂ፣ አንዴ ያስነሡልን» አልኩ።

ሐጂ አጎቴን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ገመዱን ያዙ። አንድ ጎተቱ። ሁለት። አምስት። ነጭ ጭስ እንደ እንፋሎት ወጣና ጠፋ። አሥረኛው ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። አሥራ አምስተኛው ላይ እኔ ተቀብዬ ጎተትኩ፤ ክንዴ እስኪዝል ጎተትኩ። ዝም። ሐጂ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሆዳቸው እስኪርገበገብ ሳቁ።

«ጃርሶ፣ አንተ ነህ የሠራኸኝ።»

«እኔ ምን አደረግሁ? ዛሬ ጠዋት ቁርስ ያበላኸው አንተ ነህ።»

«ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ! ናፍጣ ስንት ሊትር እንደበላብኝ ብታውቅ! ደግሞ አንተ ባለፈው ገበያ ያንን አንካሳ ግመል የሸጥከው ጨው አልሰህ አይደል?»

«ጨውስ አልሼዋለሁ፤ እግሩን ግን አልደበቅኩም።»

ዶክተር ሎኮ ሳትስቅ ተናገረች። «ሐጂ፣ ይህን ገዝቼ ኡራን ላይ ቢቆምብኝ የእህትዎ ፍየሎችም እዚያው ናቸው።»

የሐጂ ሳቅ ቆመ። እህታቸው በኡራን መኖሯን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መሬቱን አዩ። «ስለ ፍየል መሆኑን አልሰማሁም፤ የሰማሁት ስለ ነጥብ ብቻ ነው» አሉ። ተነሥተውም፣ «የድንበሩ በር በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። የኔን ፒክአፕ ውሰዱ፤ እኔው እነዳለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ የቀዩ ሻጭ ግራጫውን ለማምጣት ሹፌራችን ሆኑ።

አቶ ተፈራ ጋራዥ ዋጋው በከብት ገበያ ደንብ ተቆረጠ። ዋጋው የሚነገረው በጣት ነው። አቡያ ጃርሶ ጋቢያቸውን በእሳቸውና በአቶ ተፈራ እጅ ላይ ጣሉ፤ ከሥሩ ጣት ጣትን ሲጨብጥ፣ ሲለቅ፣ እንደገና ሲጨብጥ ጨርቁ ይንቀሳቀሳል። የሁለቱም ፊት ግን ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስላል። «ስንት ደረሰ?» ብል ዶክተር ሎኮ እግሬን ረገጠችኝ። ያን ቀን ከሁለት አስተማሪ፣ ከአጎቴ ጣትና ከዶክተሯ ጫማ፣ በአንድ ጊዜ ተማርኩ።

በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ተሻገርን። ችግሩ ግን አላለቀም። ግራጫው መኪናዋ ሆድ ሥር አይገባም፤ በቀኝ ጎኗ ባለው የብረት መደርደሪያ ላይ ስድስት ሰው ተጋግዞ ሲያስቀምጠው ቤት ጫኟ ወደ ቀኝ ተንጋደደች። ውስጥ ድስት ሲንከባለል ተሰማ።

«በዚህ ሁኔታ የኡራን ጉብታ ላይ ትገለበጣለች» አለች ዶክተሯ።

አቡያ ጃርሶ ዱላቸውን በግራ ጎኗ ወዳለው ባዶ መደርደሪያ ዘረጉ። «ግመል በአንድ ጎን ይጫናል? በርሜል አምጡ፣ ውሃ ሙሉበት። ኡራን ውሃም ይፈለጋል። ከሞተሩ እኩል መመዘኑን እንዴት እንደምናውቅ ግን…» ብለው ቆሙ።

አሁን ደብተሬን ለማውጣት ፈራሁ። ቢሆንም፣ «አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው» አልኩ። «ሞተሩ መቶ ሰማንያ ነው። ባልዲው አሥር ሊትር ይይዛል። በርሜሉ ራሱ ወደ ሁለት ባልዲ ይመዝናል። አሥራ ስድስት ባልዲ።»

ሐጂ አደን ጮክ ብለው ቆጠሩ። አሥራ ስድስተኛው ባልዲ ሲፈስ ቤት ጫኟ ቀስ ብላ ቀና አለች። አቡያ ጃርሶ መኪናዋን አዩ፤ ባልዲውን አዩ። «ውሃ በባልዲ እንደሚመዘን ነው ይሄ ወረቀት የሚናገረው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው አትጣለው» አሉኝ።

ግራጫውን ከፍሪጁ ጋር አገናኝተን ተነሣን፤ እየሠራም ተጓዘ። ኡራን ሌሊት ደረስን። ዶክተሯ ሞተሩ ይረፍ ብላ አጠፋችው፤ ፍሪጁ ተዘግቶ እስኪነጋ ቅዝቃዜውን ይይዛል። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነፋስ የቀዘቀዘ ብረት ንጋት ላይ ይነሣ ይሆን? በእኛ መምጣት ተማምኖ የተሰበሰበው መንጋ በጨለማው ውስጥ ሲያስል ይሰማኛል።

ጎህ ሲቀድ ጉድጓዱ ዙሪያ መሬቱ አይታይም፤ ፍየል ብቻ ነው። እናቴ ከፊት ቆማለች። አቀፈችኝና ወደ ግራጫው አየች። ማኒቬላውን እኔ ያዝኩ። አንድ። ዝም። ሁለት። ዝም። ዶክተር ሎኮ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት። ሳል። በአራተኛው ጥቁር ጭስ ፈነዳና «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» አለ፤ ልክ አቶ ተፈራ ጋራዥ እንደነበረው፣ አንድም ሳያጎድል።

ፍየሎቹ በድንጋጤ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እረኞቹ እየተራገሙና እየሳቁ ተከተሏቸው። መልሶ ለመሰብሰብ አንድ ሰዓት ፈጀ። ፍሪጁ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን በራች፤ አራቱንም ቀን አልጠፋችም።

እናቴ ጭሱን እየሸሸች፣ «ይሄን አንተ ነህ የመረጥከው አሉኝ» አለች።

ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። «አይደለሁም» አልኩ። «እኔ የመረጥኩት ሌላ ነበር። ይሄን የመረጡት አቡያ ናቸው።»

«ይሻላል» አለች። «እንዲህ ብለህ ከተናገርክ የፍየሎቼ ገንዘብ አልባከነም።»

አንባቢዎቼ፣ ሠንጠረዥ ከንቱ ነው እያልኳችሁ አይደለም፤ አሥራ ስድስቱን ባልዲ አትርሱ። ዛሬም ለመኪናው ጄኔሬተር አወዳድርልኝ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ክብደቱን፣ ጩኸቱንና የናፍጣ አጠጣጡን በመስመር አሰፍርለታለሁ። ግን መጀመሪያ መዳፍህን ጎኑ ላይ አድርግ እለዋለሁ። ደግሞም መቼ እንደምትሄድ ለሻጩ አትንገር። እኔ እውቀት ማለት ቀድሞ መናገር ይመስለኝ ነበር። ያን ሳምንት ግን ያወቅሁት ሁሉ ቀድሞ ከአፌ ወጥቶ ምንም ሳይጠቅመኝ ቀረ።

ትምህርት ሲከፈት ሐጂ አደንን ቀዩን ጄኔሬተር ለአንድ ቀን እንዲያውሱኝ ጠየቅኋቸው። «ለፈተና ከሆነ ቁርስ አልሰጠውም» አሉኝ። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና «ይሄ ለምን አይነሣም?» ብዬ ብቻ ጠይቄ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ገመዱን በየተራ ጎተቱ፤ ተሳሳቁ፤ ተከራከሩ። እኔን እያዩ መልስ ጠበቁ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ መጣች። ገመዱን አልነካችም። መዳፏን በቀዩ ጎን ላይ አሳርፋ ጥቂት አቆየችው።

«ቀዝቃዛ ነው፣ ምዋሊሙ» አለች። «ሲሞቅስ ይነሣል?»

ጠመኔውን ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው።